የሙሽራዋ ዳትሰን

ሰማን አብራር ግትር ነው። ግትር ስላችሁ ቃል ቆጥቤ ነው፤ ቦንጋ ገበያ ዳር ያሉ ነጋዴዎች ሲያሙት ሌላም ይጨምሩበታል። የመኪና፣ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል። አንድ ደንበኛ "ይቺ ካንዴላ ለኔ ባጃጅ አትሆንም" ካለው ከሱቁ ወጥቶ፣ የድሮዋን ፈትቶ፣ አዲሷን ገጥሞ፣ አስነሥቶ ካላሳየው ምሳ አይበላም። እንዲህ ያለ ሰው እጅ አሮጌ ዳትሰን ሲገባ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት።

ዳትሰኗ የአባቱ የሐጂ አብራር ነበረች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ስድስት ፒስተን፤ ጃፓኖች ለሩጫ የሠሯት፣ "ዜድ" የሚሏት ዓይነት። ሐጂ በጉልበታቸው ዘመን ከአዲስ አበባ ራሳቸው ነድተው ሲያመጧት የቦንጋ ሰው ሥራውን ትቶ መንገድ ዳር ወጥቶ ነበር ይባላል። ከዚያ ሐጂ አረጁ፤ ሞቱም። መኪናዋም ጓሮ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ቡና ያለበት ጆንያ ተጭኖባት፣ ዶሮ እየፈለፈለባት ቀረች። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ለብረት አይራራም። ሰማን ጆንያውን ያነሣ ቀን ፓራፋንጎው በጣት ሲነኩት እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር።

"ለቁራሌው ስጥና ጓሮው ይጽዳልን" አለች ሚስቱ መኪያ።

"ልጃችን ለምያ ስትዳር ከዚህ ቤት የምትወጣው በአያቷ መኪና ነው" አለ ሰማን።

ያን ጊዜ ለምያ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም፤ የሚጠይቃትም አልመጣም። እሱ ግን ተናገረ፤ በቃ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት መኪያ ብትነግራችሁ ነበር የሚሻለው። መንታዎቹ ካርቡራተሮች የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተፈትተው ሰነበቱ፤ ሽንኩርቱ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ወለሉ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። የበር ጎማ ጠፋ፣ ተገኘ፣ አልገጥምም አለ፣ ተመለሰ። ሰፈሩ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ሳምሶን የቤተሰብ ያህል ሆነ። ለምያም ለእረፍት ስትመጣ እጅጌዋን ሰብስባ ከአባቷ ጋር መኪና ሥር ትተኛለች። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ያጠበቀችው እሷ ናት። ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው በሂና እጇ ፒንሳ ይዛ ስትገባ እናቷ አይታ "ያ አላህ! ሙሽራ ናት ወይስ የመካኒክ ረዳት?" ብላ ጮኸችባት።

ከሁሉ ያስቸገረው ፍሬኑ ነበር። ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም ዘይቱን አፍነው የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች፣ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበርና ከዱባይ በዘመድ እጅ እስኪመጡ መኪናዋ ግንድ ላይ ቆማ ጠበቀች። መኪያ ያን ሁሉ አየች። አንድ ቀን ጓሮ ድረስ መጥታ፣ እጇን ኮፈኑ ላይ ጥላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለችው፤

"ሰማን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ላንድክሩዘር ላበድር ይላል። አንተ እምቢ አልክ፤ እሺ። ግን ልጄ በዚህ ብረት አንድ ነገር ብትሆን፣ ወላሂ ዓይንህን አላይም።"

እሷ ስትቆጣ ትጮኻለች። ያን ቀን ስላልጮኸች ሰማን ፈራ። ፈራ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ፔዳሉን ሲረግጠው ለሰለሰበት። "አየር አለበት" አለ ሳምሶን። የፍሬን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ሌላው በየጎማው በኩል ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ እያደረገ አሮጌውን ዘይት ከነአየሩ ያስወጣል፤ የወጣውን ያህል ከላይ ከኮፈኑ ሥር አዲስ ዘይት ይሞላል። ሳምሶን ረገጠ። ሰማን ፈታ፣ አጠበቀ፣ ሞላ። ስልኩ ይጮኻል። የድንኳኑ ሰዎች ወንበር አነሰ ይላሉ። እህቱ ሰብሪያ ከወጥ ቤት ትጣራለች። እሱም "እሺ! መጣሁ አልኩ እኮ!" እያለ፣ ዓይኑ በሩ ላይ፣ እጁ መስኮቱ ደፍ ላይ፤ ሃይላንዱን ያነሣል፣ ያንቆረቁራል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ሃይላንድ ያልኳችሁ ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ነው። የፍሬን ዘይት ሱቁ የሚመጣው በጀሪካን ነው፤ ለባለ ባጃጁና ለባለ ሞተሩ በሃይላንድ እየቀዳ ይሸጣል። ቤትም ያመጣው በዚያው ነው። ምን ችግር አለው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

"ድንጋይ ሆነ!" አለ ሳምሶን ፔዳሉን ረግጦ። ሰማን ሳቀ፤ እጁን ታጥቦ ኮቱን ለበሰ።

ሙሽራው ሱሀይብ ከዋጫ ከተማ ነው። አባቱ ሐጂ ኑዕማን እዚያ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ልጁም ጭነት መኪና ይነዳል፤ ጨዋ ነው። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ "ሚዜዎቹ ጣሪያ ላይ ይሁኑ?" ተብሎ ብዙ ተሳቀ። በመጨረሻ ሱሀይብ ራሱ ሊነዳ፣ ለምያ ከጎኑ ልትቀመጥ፣ የሰማን ወንድም ፈርሐት ሚዜዎቹን በሃይሉክስ ይዞ ሊከተል፣ ሐጂ ኑዕማን በራሳቸው መኪና፣ ዘመድ አዝማድ ደግሞ በሚኒባስ ሊያጅቡ ተስማሙ። አባትና እናት ሙሽሪትን እስከ ደጅ ሸኝተው ይቀራሉ፤ ወጉ ነው።

ሰማን በመስኮት ጎንበስ ብሎ "ቁልቁለት ላይ በማርሽ ያዛት፤ ፍሬን ላይ አትንጠልጠል" አለው።

"እሺ አባ፣ እሺ" አለ ሱሀይብ። ቃሉን የሰማው አይመስልም፤ ዓይኑ ለምያ ላይ ነበር፤ ማን ይፈርድበታል? ለምያ ደግሞ በነጭ ቀሚሷ ውስጥ እንደ ልጅነቷ ፈገግ ብላ "አባዬ፣ አታስብ፤ እኔ አለሁ" አለች። ብርቱካንማዋ ዳትሰን አበባ በአፍንጫዋ ደርድራ፣ በማርሚታዋ እያጉረመረመች ወጣች። ሰማን ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። መኪያ ግን ወደ መኪናዋ አላየችም።

አጀቡ ከሄደ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የቀረው ጎረቤት ተቀምጦ ይበላል። ከነሱ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ወጡን በልተው የሚጠጣ ጠየቁ። ሰብሪያ ሃይላንድ ይዛ መጥታ ብርጭቆ ሞላችላቸው። የከፋ አገር ማር ብርዝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠጣ የዋለው፤ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አንዴ ፉት አሉ።

"እትፍ! እትፍ!" መሬት ላይ ተፉት። "አንቺ ሰብሪያ፣ ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?"

ሰው ሳቀ። ሰማን እየሳቀ መጥቶ ብርጭቆውን አነሣና አሸተተ። ሳቁ ጠፋ። ያቺን ሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከጓሮ። መስኮቱ ላይ ነበር፤ ከመሣሪያህ አጠገብ። አለቀ ስባል ጊዜ…"

"ስንት ነበር?"

"ሁለት። አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ። ሙሉውን አመጣሁት። ምነው?"

"አፋቸውን በደንብ አስታጥቢያቸው፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂያቸው!" አለና ወደ ጓሮ ሮጠ። ሽማግሌው ከኋላው "እኔን ተወኝ፣ ተፍቼዋለሁ! አንተ ምን ሆነሃል?" ይሉታል።

ባዶው ሃይላንድ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። አፉን ከፍቶ አሸተተው። ማር! ጣቱን አስገብቶ አወጣው፤ ተጣበቀበት። ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ሳምሶን ድንኳን ውስጥ እንጀራ እየቆረሰ ነበር፤ ሲነግረው እጁ ከትሪው ላይ ቀረ። ሁለቱም ያውቁታል፤ ማስረዳት አላስፈለገም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ፍሬን ሲያዝ ይግላል። የፍሬን ዘይት ያን ግለት ይችለዋል፤ ውሃ ግን ይፈላል። ብርዝ ምንድን ነው? ማር የገባበት ውሃ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ቢረግጡት ይጨመቃል እንጂ ጎማ አይዝም። ሜዳ ላይ ምንም ላይታወቅ ይችላል። ወደ ዋጫ የሚወስደው መንገድ ግን መውጣትና መውረድ ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ከትልቁ አቀበት ጫፍ የሚጀምረው የመጨረሻው ቁልቁለት ነው። አንድ ወገኑ ገደል ነው።

"ወዴት ነው?" አለችው መኪያ በሩ ላይ።

"መጣሁ።"

"ሰማን! ፊትህ ምን ሆነ?"

"መጣሁ አልኩሽ!" ብሎ አልፏት ወጣ። ሊነግራት አልደፈረም፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ደጅ ላይ ሐዲስ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል። ጥሩ ነጂ ነው፤ የሰማን ደንበኛ። "ጋሽ ሰማን፣ ወዴት…" ብሎ ሳይጨርስ ሰማን ከኋላው ተፈናጥጧል። "ሙሽሮቹን ድረስባቸው! ፍሬን የላቸውም! ንዳ!"

ሐዲስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ከአስፋልቱ ጠርዝ ጠርዝ፣ በባጃጆች መሀል፣ ከከተማው ወጡ። ካፊያ ጀምሯል፤ መንገዱ ያብለጨልጫል። ሰማን በአንድ እጁ የሐዲስን ወገብ ይዞ በሌላው ይደውላል። ለምያ ጋ ደወለ፤ ከኪሱ የራሷ ስልክ ጮኸ። ጠዋት "ሙሽራ ስልክ አትይዝም" ብሎ የተቀበላት እሱ ራሱ ነው። ሱሀይብ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። ፈርሐት ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፤ በዚያ ሙዚቃ መሀል ማን ይሰማል! "አንሣ አንተ ከንቱ! አንሣ!" እያለ በንፋሱ ውስጥ ይጮኻል።

ያኔ የሻረግ ትዝ አለችው። የሻረግ አቀበቱ ጫፍ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሻይ ቤት አላት። በዚያ መንደር ልማድ የሠርግ መኪና ዝም ብሎ አያልፍም፤ ልጃገረዶቹ ገመድ ወጥረው፣ ዘፍነው፣ ተለምነው ነው የሚያሳልፉት።

"የሻረግ! ሰማን ነኝ፣ የመለዋወጫው!"

"ጋሽ ሰማን! እንኳን ደስ ያለዎት! እየጠበቅናቸው ነው፤ ገመዱም…"

"ስሚኝ! አስቁሚልኝ! እኔ እስክደርስ እንዳታሳልፊያቸው!"

"ምን? አይሰማም፣ ዘፈን…"

"እኔ እስክመጣ እንዳትለቂያቸው! ለማንም! እባክሽ እህቴ!"

ተቋረጠ። ኔትወርክ የለም። መስማት አለመስማቷን አላወቀም።

አንድ ኮረብታ ወጥተው ወረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ሽታው አፍንጫውን መታው፤ የጋለ ፍሬን ሸራ ሽታ። ልጁ ፍሬኑ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ሙሽራ ይዞ በዝግታ ልንዳ ብሎ ነው፤ ጨዋነቱ ነው ጉድ የሠራው። "አላህዬ፣ አላህዬ" እያለ ሰማን ቀጠለ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

ስልኩ እንደገና ነቃ። ሳምሶን ነው።

"ጋሼ፣ ስማኝ። ሞቃ እንዳትቆም! ስትሄድ ነፋሱ ያበርዳታል። ሞቃ ከቆመች ግን የዲስኩ ግለት በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚፈላው ያኔ ነው። ከቆመች ደግሞ ሳትበርድ እንዳትነሣ፤ አንድ ፍሬን አታገኝም!"

ሰማን ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሱ ራሱ የሻረግን አስቁሚልኝ ብሎ ለምኗል። መኪናዋ ግላ አቀበቱ ጫፍ ላይ ትቆማለች፤ እዚያ ቆማ ትፈላለች፤ የሻረግ ቃሉን ካልሰማች ደግሞ ገመዱ ይነሣል፤ ከፊቷ ያለው ያ ቁልቁለት ነው። ልጁን ሊያድን ብሎ ገደል አፋፍ ላይ አስቀመጣት።

"ሐዲስ፣ በአላህ!"

"ከዚህ በላይ አይሄድም ጋሼ!"

ትልቁ አቀበት መጀመሪያ ላይ የአጀቡን ጭራ ደረሱበት። ሚኒባሱ በሩን ከፍቶ፣ ወጣቶቹ ተንጠልጥለው ይጨፍራሉ። ሐዲስ ጡሩምባውን ነፋ። ሚኒባሱም ነፋ። ሐዲስ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፤ ወጣቶቹ እልል አሉ። ሠርግ ነው እንግዲህ፤ ጡሩምባ የነፋ ሁሉ አጃቢ ነው። ሰማን እጁን አውለበለበ፤ እነሱም አውለበለቡለት። "የሙሽሪት አባት መጣ! ሆ!" ብለው ባሰባቸው። ሹፌሩም እየሳቀ፣ የሙሽራ አጀብ አይቀደምም በሚለው ወግ፣ ሐዲስ በግራ ሲሞክር በግራ፣ በቀኝ ሲሞክር በቀኝ እየዞረ ዘጋበት።

"ፍሬን! ፍሬን የለም!" አለ ሰማን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ።

"ፍሬን የለም! ፍሬን የለም!" ብለው በዜማ ተቀበሉት፤ አጨበጨቡበት።

ሰማን በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ሰው ጠልቶ አያውቅም። ሐዲስ ግን ጥርሱን ነክሶ ሞተሩን ወደ ቦዩ አስገባት። ጭቃው ተረጨ፤ ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ዳዳቸው፤ የሰማንን ጉልበት ድንጋይ ላጠው። ከቦዩ ሲወጡ ሚኒባሱ ከኋላቸው ነበር፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ አለፏቸው።

ጫፉ ላይ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። የሻረግ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "እንዳትለቂያቸው" የሚለውን። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ብቻ ጋሽ ሰማን ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ ያዘች። ሚዜዎቹ ተምርና ከረሜላ በተኑ፤ ልጆቹ ለቀሙ፤ ገመዱ አልተነሣም። ፈርሐት ወርዶ ለመነ። "አይሆንም፣ ሙሽራው ይዝፈንልን" አለች። ሱሀይብ አፍሮ በመስኮት አንድ ስንኝ አለ። "አይሆንም፣ ሽማግሌ ይለምነን" አለች። ሐጂ ኑዕማን በቁመታቸው ሙሉ ከመኪናቸው ወርደው ለመኗት። አሁን ምን ትበል? ልጃገረዶቹ ራሳቸው አፍረው ወደ እሷ ያያሉ።

"ልጄ፣ ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ንቀት ይሆናል" አሏት ሐጂ። "ዋጫ ሰው ቆሞ እየጠበቀን ነው።"

የሻረግ ወደ ታች፣ ወደ አቀበቱ ተመለከተች። ማንም አልነበረም። ገመዱ ከእጇ ላላ፤ ልጃገረዶቹም ለቀቁት።

ሰማን ከመጨረሻው ጥምዝ ብቅ ሲል ያየው ይሄንን ነው። ገመዱ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። እልልታ ሆነ። ዳትሰኗ አጉረመረመች፤ በልጆች መሀል በዝግታ መንቀሳቀስ ጀመረች። ከአፍንጫዋ ፊት ጥቂት ሜዳ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ።

ሐዲስ ሃይሉክሱን አልፎ ዳትሰኗን ቀደማት። ሰማን ሞተሩ እስኪቆም አልጠበቀም፤ ዘለለ፤ ወደቀ፤ በጉልበቱ ድሆ ተነሣና ዞሮ በሁለት እጁ ኮፈኑን ገፋ። ሞኝነት ነው፤ መኪና በእጅ ይቆማል? አባት ግን ሌላ ምን አለው።

በመስታወቱ ውስጥ የሱሀይብን ፊት አየው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ አማቱ ለምርቃት የመጣ መስሎታል። ከዚያ እግሩን አነሣና ረገጠ፤ ፈገግታው ከፊቱ ረገፈ። እንደገና ረገጠ። ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መኪናዋ አትሰማም። የሰማን ጫማ በረጠበው አስፋልት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከኋላው መንገዱ መዘቅዘቅ ሲጀምር በተረከዙ ታወቀው።

የለምያ እጅ፣ በሂና የተዋበው፣ ወደ መሀል ወረደ። ማንንም አላየችም፤ አልጮኸችም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ሳበችው።

የኋላ ጎማዎቹ ጮኹ። መኪናዋ ከፊት ዘቅ ብላ፣ የፊት ብረቷን የሰማን ቅልጥም ላይ አሳርፋ ቆመች።

"ድንጋይ! ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ!" አለ ሰማን። ሐዲስና የሻረግ ድንጋይ ይዘው ሮጡ። ሱሀይብ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ከንፈሩ ደርቋል። "አባ" አለ በሹክሹክታ፤ "ፍሬኑ የለም።"

ዘፈኑ ቆመ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ፈርሐት ቶሎ ወደ ወንድሙ ጆሮ ጠጋ ብሎ "ለምርቃት መጣሁ በል፤ አማቶችህ ፊት ጉድ እንዳንሆን። መኪናዋ ሞቀች እንላለን" አለው።

ሐጂ ኑዕማን መጡ። "ሰማን፣ ምን ሆነህ ነው? ደምተሃል እኮ።"

ሰማን ወንድሙን አየ፤ ልጁን አየ። መዋሸት ቀላል ነበር።

"ሐጂ፣ ፍሬኑ ውስጥ ብርዝ አለ" አለ። "ዘይት መስሎኝ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሳላይ፣ ሳላሸት ሞላሁት። ልጆቻችንን ልገድላቸው ነበር።"

ከኋላ አንድ ሚዜ ሳቅ አመለጠው። ሰማን ኮፈኑን ሲከፍተው ግን ዝም አለ። የፍሬኑ ዘይት እቃ ክዳኑን ገፍቶ ይተፋ ነበር፤ ነጭ አረፋ ይንተከተካል፤ የፈላ ማር ሽታ በካፊያው ውስጥ ተሰራጨ። ሐጂ ኑዕማን ቁልቁለቱን አዩት። ገደሉንም አዩት። ከዚያ እጃቸውን ሰማን ትከሻ ላይ አድርገው "አልሃምዱሊላህ በል" አሉት። ቀጥለው ወደ የሻረግ ዞሩና "ልጄ፣ አንቺንም አላህ ይባርክሽ" አሏት። የሻረግ ያኔ ነው ለምን እንደያዘቻቸው የገባት፤ መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ለምያ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። "አባዬ፣ ጉልበትህ!" አለች መጀመሪያ። አንገቱን አቀፈችው፤ መንቀጥቀጧን ያኔ ነው ያወቀው። ከዚያ ራሷ አበባውን ከዳትሰኗ ኮፈን ላይ ፈትታ ሃይሉክሱ ላይ አሰረችው። ሚዜዎቹ ወርደው ሚኒባስ ገቡ። ለምያ ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ "አደራ፣ ለቁራሌ እንዳትሰጣት" አለችው። ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። አጀቡ ያለ ጡሩምባ፣ በማርሽ፣ ቀስ ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሰማን ዳትሰኗ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳያይ አውቆታል።

"ልጄስ?" አለች መኪያ።

"ደህና ናት። በሃይሉክሱ ሄደች፤ ቁልቁለቱን ወርደዋል።" ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሃይላንዱን፣ ፔዳሉን፣ ገመዱን፣ የለምያን እጅ፤ ምንም አላስቀረም። ያ መኪያ የማለችው መሐላ መቼ እንደሚመጣ እየጠበቀ ጨረሰ።

"ብርዙ የት ነበር አልከኝ?"

"መስኮቱ ላይ፤ ከመሣሪያዬ አጠገብ። የትኛዋ ደንቆሮ እንዳስቀመጠችው ባውቅ…"

"እኔ ነኝ።"

ዝናቡ ኮፈኑ ላይ ይንጠባጠባል። ሰማን ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋው።

"ከትናንት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመስክም" አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ። "ተኮራርፈናል፤ ና ብላ ብልህ አትመጣም። ሥራ ላይ እያለህ ከተጠማህ ብዬ፣ ከላይ የጠለለውን ቀድቼ፣ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩልህ።"

"ለኔ?"

"ታዲያ ለማን ይሆናል?"

ሰማን ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። መኪያ ስልኩን አልዘጋችውም፤ እሱም አልዘጋውም።